የሙታን ወር ዋዜማ

ሽማግሌው ማኦሊን ሐኪሙ ያላቸውን ሲያወሩ እንዲህ ነው፦ «ይሄ ነገር ዐሥር ዓመትም ሳይነካህ ሊቀመጥ ይችላል፣ ከባድ አታንሳ፣ አትናደድ፣ ደስ ያለህን እያየህ ኑር አለኝ።»

የበኩር ልጃቸው ጂንታይ በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የሰማው ደግሞ ይህን ነው፦ «ሆድዎ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ዛሬ ማታም ሊፈነዳ ይችላል። ከፈነዳ አምቡላንስ አይደርስልዎትም። የእኔ አባት ቢሆኑ ነገ ዛሬ ሳልል አስከፍታቸው ነበር።»

ሴቷ ልጅ ሱዪን ያን ቀን ወንበር ስላልደረሳት በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሐኪሙ ሁለቱንም ሲል ሰምታለች። አባቷ የሚጥማቸውን ግማሽ፣ ወንድሟ የሚያስፈራውን ግማሽ ይዘው ወጡ። መሃል ላይ የነበረውን፣ «የትኛው እንደሚሆን አላውቅም» የሚለውን፣ ከሁለቱ ያነሳው አልነበረም።

የቀዶ ሕክምናው ተራ ሩቅ ነበር፤ ሁለት ወር ጠብቁ ተብለው ነበር። ነገር ግን በጨረቃ አቆጣጠር ነገ የሰባተኛው ወር መጀመሪያ ነው። የሙታን በር ተከፍቶ ቤት የሌላቸው ነፍሳት መንገዱን የሚሞሉበት ወር ነው። በዚያ ወር ታይናን ከተማ ውስጥ ሰው አይሞሸርም፣ ቤት አይቀይርም፣ ካልጨነቀው በቀር ገላውን ለቢላዋ አይሰጥም። ለነገ ተራ የያዙ ሰዎች አንድ በአንድ ቀን ቀየሩና ለማኦሊን ድንገት ቦታ ተገኘ። ከሆስፒታሉ ሲደወል ቃሉ አጭር ነበር፦ ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ አዎ ወይም አይሆንም በሉ፤ ካልሆነ ለቀጣዩ ሰው ይሰጣል።

ማኦሊን አዎም አይሆንምም አላሉም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ከመኝታ ክፍል ወጡና «ከተማዬን ልጎበኝ ነው» አሉ።

ጂንታይ ከሰሜን በሌሊቱ ባቡር የመጣ ሰው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አባዬ፣ ውጪው እኮ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው!»

«ሠላሳ ሰባት ከሆነ የዓሣ ሾርባ ድስቴ አጠገብ ከነበረው ይበርዳል።»

«ዛሬ ነው ጉብኝት የሚታሰብህ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ ለሾርባ ሱቄ ዓሣ ስፈለቅቅ፣ ያንተ ሰሜን ሰው ሁሉ በባቡር እየመጣ ከተማዬን አይቶ ሄደ። እኔ ያየሁት የዓሣ አከርካሪ ብቻ ነው። ነገ ቢላዋ ስር የምተኛ ከሆነ ዛሬ ልይ። ምን አጠፋሁ?»

ጂንታይ እህቱን ወደ ጓዳ ጎተታት። «እኔ ሻንጣውን ይዤ ሆስፒታል ልሂድና ቦታውን ልጠብቅ። አንቺ አብረሽው ዙሪና ከአሥር በፊት አዎ አስብለሽ አምጪው። አንቺን ነው የሚሰማው።»

«እኔንም አይሰማኝም።»

«ከእኔ የበለጠ ይሰማሻል አልኩ እንጂ ይሰማሻል አላልኩም።»

እንዲህ ሆኖ አባትና ሴት ልጅ ወጡ። ሱዪን ታክሲ ልጥራ ብትል «ጎብኚ በእግሩ ነው የሚሄደው» አሉ። ከሱቆቹ ፊት ያለው ጥላማ መተላለፊያ በሞተር ብስክሌት ስለታጨቀ አምስት እርምጃ በጥላ፣ ሃያ እርምጃ በአስፋልት ነበር የሚሄዱት። አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለጠፋል። ከየሱቁ በላይ የተሰቀለው ማቀዝቀዣ ሙቅ አየሩን በሰው ጭንቅላት ላይ ይተፋል። ሱዪን ጃንጥላውን በአባቷ ራስ ላይ ይዛ ግማሽ እርምጃ ከኋላቸው ትሄዳለች። ዓይኗ ከመንገዱ ይልቅ ሆዳቸው ላይ ነው፤ ሸሚዙ ሥር የሚታይ ነገር እንደሌለ እያወቀች ትመለከታለች። ሞተር በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር፣ ደረጃ በወጡ ቁጥር፣ እጇ ክንዳቸውን ሊይዝ ይዘረጋል።

መጀመሪያ የኮንፉሺየስ መቅደስ ደረሱ። አንገታቸው ላይ ትንንሽ ማራገቢያ ያንጠለጠሉ ጎብኚዎች ከቀዩ ግድግዳ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። ማኦሊን ግድግዳውን ለአንድ ትንፋሽ ያህል አዩት።

«ቀይ ነው» አሉ። «አየነው። እንሂድ።»

«ለዚህ ነው ሁለት ኪሎ ሜትር የተጓዝነው?»

«ሰሜኖቹ ለዚህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዙ የለ?»

ሱዪን ሳቀች። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ከሩብ።

ቀጥሎ የሐኪሞች አምላክ ወዳለበት ቤተ መቅደስ ገቡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ማኦሊን ጉሮሮዬ ደረቀ አሉና ከመንገዱ ማዶ የሚሸጠውን ቀዝቃዛ የዱባ ሻይ እንድታመጣላቸው ላኳት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሱዪን ሁለት ብርጭቆ ይዛ ስትመለስ አባቷ የበሩን ከፍ ያለ መድረክ ተሻግረው እየወጡ ነው።

«ምን አየህ?»

«ጣራ» አሉ፤ ሻዩንም ግማሽ ጠጥተው መለሱላት።

ከዚያ መርከበኞች የሚያመልኳት የባሕር እመቤት ወዳለችበት ቤተ መቅደስ ሄዱ። እዚያም በሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አሳርፈው «ኮፍያዬን ሻይ መሸጫው ጋ ረሳሁት» አሉ። ሱዪን በዚያ ፀሐይ ተመልሳ ሄደች። ሻይ ሻጩ አላየሁም አላት። እየሮጠች ስትመለስ አባቷ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ የኮፍያው ጫፍ ከሱሪያቸው የኋላ ኪስ ይታያል። ልትጠይቃቸው ስትል ስልኳ ጮኸ።

«የት ናችሁ?» አለ ጂንታይ። ከጀርባው የሆስፒታል ማይክሮፎን ስም ይጠራል።

«እየጎበኘን።»

«አዎ አለ?»

«ጣራ አየሁ ነው ያለኝ።»

«ሱዪን፣ አትቀልጂብኝ። ነርሷ ሁለቴ ጠይቃኛለች። ከኋላዬ የቆመ ቤተሰብ አለ፤ ሽማግሌያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ይዘው እኔን እኔን እያዩኝ ነው። ቦታቸውን የሰረቅኩ ነው የሚመስለኝ።»

ቀጥሎ የጦር አምላክ ቤት ደረሱ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ጎዳናው ላይ ውሻ እንኳ የለም። ማኦሊን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሱዪን ቀደመቻቸው፦ «አባዬ፣ አንተ ግባ፣ እኔ በረዶ ልግዛልህ።» ደስ አላቸው። እሷ ጥቂት ራመድ ብላ ተመለሰችና ከወፍራሙ የድንጋይ ዓምድ ጀርባ ቆመች።

አባቷ መሠዊያው ፊት ተንበርክከው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፦ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀን፣ የቤታቸውን አድራሻ፤ አምላክ ሌላ ሰው መስሎት እንዳይሳሳት። ከዚያ ሁለቱን ቀይ እንጨቶች በመዳፋቸው አንስተው ጣሉ። ሱዪን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፦ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው፣ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ፣ በአንድ ጎን ጎባጣ። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለው ከተወዛወዙ አምላክ እየሳቀ ነው። ሁለቱም ከተደፉ አይሆንም ብሏል። አንዱ ተደፍቶ አንዱ ከተንጋለለ አዎ ነው። ለትንሽ ነገር አንድ አዎ ይበቃል፤ ለሕይወትና ለሞት ግን ሦስት አዎ በተከታታይ መውደቅ አለበት።

እንጨቶቹ ወለሉ ላይ ተንኳኩ። አንዱ ተደፋ፣ አንዱ ተንጋለለ። አዎ።

ማኦሊን አንስተው እንደገና ጣሉ። አዎ።

ሱዪን ዓምዱን በሁለት እጇ ያዘች። አንድ ቀርቷል። አንድ ብቻ፤ ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ሆስፒታል። «ጣለው» አለች በሹክሹክታ፤ «ጣለው፣ አባዬ።»

አባቷ እንጨቶቹን አነሱ። ለረጅም ጊዜ መዳፋቸው ላይ አዩዋቸው። ከዚያም ጎንበስ ብለው በቦታቸው መለሷቸውና ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡ።

በረዶ ሳትይዝ በሩ ላይ ስትጠብቃቸው አልጠየቋትም። ወደ ከተማዋ ጠባቂ አምላክ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዙ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ጥላ የለውም። ሱዪን ሃምሳ እርምጃ ያህል ቻለች።

«ሦስተኛውን ለምን አልጣልክም?»

ቆሙ። «ማን ነገረሽ?»

«ዓይኔ።»

«ሰውን አድፍጦ ማየት ከማን ተማርሽ?»

«ኮፍያውን ኪሱ ውስጥ ደብቆ በፀሐይ ካንከራተተኝ ሰው።»

ማኦሊን ኪሳቸውን ዳሰሱ፤ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«የፊተኞቹስ?» አለች። «የሐኪሞቹ አምላክ ምን አለህ?»

«ሁለት አዎ።»

«እመቤቲቱስ?»

«ሁለት አዎ።»

«ሦስት ቦታ ሁለት ሁለት አዎ ብለውህ፣ ሦስት ቦታም ትተህ ወጣህ! አባዬ፣ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል ለምኖ አያገኝም እኮ!»

«ሦስተኛውም አዎ ቢሆንስ?»

«ትገባለሃ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉ።

ሱዪን የመጮህ ነገር መጣባት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሕፃናት ታስተምራለች፤ በሰው ላይ ጮሃ አታውቅም። ጃንጥላውን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ አባቷን ቀና ብላ ስታይ ግን ጩኸቱ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ በላብ የራሰው ፊታቸው ደርቋል። እንደ ወረቀት ደርቆ ቀልቷል። እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው።

«ያምሃል?»

«አይ። ሞቀኝ።»

«ሆድህን ነው ወይ የሚያምህ ነው የምልህ!»

«አላውቅም» አሉ ማኦሊን፣ ወደ እሷም ዘመሙ።

ብብታቸው ሥር ገብታ ያዘቻቸው። ጃንጥላው ወደ መንገዱ ተንከባለለ፤ አልተከተለችውም። የከተማዋ ጠባቂ አምላክ በር ሠላሳ እርምጃ ነበር። እንዴት እንዳደረሰቻቸው በኋላም ማስታወስ አልቻለችም፤ የምታስታውሰው ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ሸሚዝ ነው፤ ሱቁን ከዘጉ አራት ዓመት ሆኗቸው ሳለ።

ውስጡ ጨለማና ዝቅ ያለ ነው። ቤተ መቅደሱን የሚጠብቁት እትዬ ቱ፣ ከሰማንያ ያላነሱ ቀጭን ሴትዮ፣ ገና ከሩቅ አይተው ማራገቢያውን በገመዱ እየጎተቱ መጡ።

«አስቀምጪው! እዚህ፣ እዚህ። ቁልፉን ፍቺለት። ምን ዓይነት ልጅ ናት በዚህ ሰዓት ሽማግሌ የምታዞር!»

«እሱ ነው እኔን የሚያዞረኝ፣ እትዬ።»

«እሱማ ሽማግሌ ነው፣ አያፍርም።» እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ፤ ጨው የገባበት ውኃ በኩባያ አቀበሉ። «ቀስ ብለህ ጠጣ፣ አንተ ሰውዬ። ነገ የሙታን በር የሚከፈተው ለመውጫ ነው፤ አንተ ለመግባት ምን አስቸኮለህ?»

ማኦሊን ጠጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግንባራቸው ላይ ላብ ብቅ አለ። ሱዪን ያን ላብ ስታይ እንባዋ መጣ። አምቡላንስ እንጥራ አለች፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ቱ ሁለቱን አፈራርቀው አዩና ዕጣን ልለኩስ ብለው ወደ ኋላ ሄዱ።

«ለእናትሽ የጠየቅኩላት እዚህ ነው» አሉ ማኦሊን።

«ምን?»

«ያኔ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት።» መሠዊያውን ሳይሆን ወለሉን ነበር የሚያዩት። «እሷ ተዉኝ ብላ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለኝን ያህል ልኑር፣ አትክፈቱኝ ብላኝ ነበር። ለእናንተ አልነገረችም። እኔ ግን እዚህ መጥቼ ጣልኩ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ በመንገድ ላይ የሮጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አምላክ ግቢ ብሎሻል አልኳት። እሱ ካለ እሺ አለች።»

ሱዪን እናቷ ራሷ ወስና በገዛ እግሯ እንደገባች ነበር የምታውቀው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ መቃብሯን ሲጠርጉ፣ እሷና ጂንታይ «ቢያንስ ራሷ የመረጠችው ነው» ይባባሉ ነበር። አባታቸው መጥረጊያቸውን ይዘው ወደ ሌላኛው ጎን ይሄዱ ነበር።

«አልነቃችም» አሉ ማኦሊን፣ ልጃቸው የማታውቅ ይመስል። «አምላክን አልከሰስኩትም። ትድናለች አላለኝም እኮ። ትግባ ወይ አልኩት፤ ትግባ አለ። ገባች።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ትጠይቃለህ? ካላመንከው!»

«ሌላ የሚጠየቅ ስለማላውቅ ነው።» ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አዎ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። አይሆንም ቢለኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። ፈርቻለኋ። የፈራ ሰው የሚደሰትበትን ነገር ማመን አልችልም። ስለዚህ ሁለት እጥልና እተወዋለሁ። ሦስተኛውን ሳልጥል የቆየሁ ያህል እኖራለሁ ብዬ።»

ስልኩ ጮኸ። ለአሥር ሰዓት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል።

«ነርሷን ላገናኝሽ ነው፤ እኔን አላምን ብላለች» አለ ጂንታይ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «ሱዪን፣ እባክሽ። በእናታችን።»

ሱዪን ዓይኗን ጨፈነች። በእናታችን አለ፤ ምኑን ያውቃል።

«የአቶ ጂያን ማኦሊን ቤተሰብ?» የነርሷ ድምፅ ወጣት ነው፣ ትሑት፣ የቸኮለ። «ይቅርታ፣ እንዳላጣድፋችሁ ብዬ ነበር። ግን እዚህ ፊቴ ሌላ ቤተሰብ ቆሟል። አሁን መልስ ካልሰጣችሁኝ ለእነሱ መስጠት አለብኝ። ይገባሉ ወይስ አይገቡም?»

«አንድ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ብቻ ስጪኝ፣ የኔ እህት። እንዳትዘጊው።»

ስልኩን እንደተከፈተ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ተነሥታ ከመሠዊያው ቀዮቹን እንጨቶች አነሣች። በርካታ እጅ ያለሰለሳቸው ናቸው፤ ሞቅ ይላሉ። ተንበረከከች።

«እኔ እጥልልሃለሁ» አለች። «ሁለቱን አንተ ጥለሃል። ሦስተኛውን እኔ።»

ማኦሊን ከወንበራቸው ወርደው በጉልበታቸው ተጎትተው መጡ። የእጅ አንጓዋን ያዙ። እጃቸው የታመመ ሰው እጅ አልነበረም፤ አርባ ዓመት ዓሣ የሰነጠቀ እጅ ነበር።

«ተይ።»

«ልቀቀኝ፣ አባዬ፣ ሰዓቱ ሄደ!»

«አዎ ቢልሽና እኔ ባልነሣ፣ እንደ እኔ ነው የምትሆኚው። ጠዋት ስትነሺ፣ ሩዝ ስታጥቢ፣ ልጆቹን ስታስተምሪ። እኔ ነኝ የጣልኩት ትያለሽ።»

«አይሆንም ቢለኝና ዛሬ ማታ ቢፈነዳስ?»

«ያኔም እንደ እኔ።»

«እሺ አንተ በል! አንተ ተናገር! ራስህ አዎ በል፣ ራስህ አይሆንም በል፣ የፈለግከውን በል፣ ግን በል!»

ሽማግሌው አንጓዋን እንደያዙ ራሳቸውን ወደ ደረታቸው አወረዱ።

«አንድ ጊዜ ብያለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አልችልም። ግባ ካላችሁኝ እገባለሁ፣ ልጄ። ተው ካላችሁኝም እተዋለሁ። አልቀየማችሁም። መናገር ብቻ አልችልም።»

«ሄሎ?» አለ ስልኩ ከወለሉ። «እየሰማችሁኝ ነው?»

ሱዪን እንጨቶቹን አየቻቸው። ብትጥላቸው በአንድ ትንፋሽ ያበቃል። አዎ ከሆነ አምላክ ነው ያለው ትላለች፤ አይሆንም ከሆነም እሱ አለ። ጂንታይም ሆነ ዘመድ ሁሉ እሺ ብሎ ይቀበላል፤ በዚህ ከተማ ይህን የሚከራከር የለም። ለአባቷም ቀላል ይሆን ነበር። ግን አባቷ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተሸከሙት እንዲህ የቀለለ የመሰለውን ነው። ሐኪሙ አላውቅም ብሏል። አምላክም ቢሆን የተጠየቀውን እንጂ ያልተጠየቀውን አይመልስም። የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷም አታውቅም። ነገ በዚህ ሰዓት አባቷ የት እንደሚሆኑም አታውቅም።

እንጨቶቹን ሳትጥል ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አባቷ አንጓዋን አልለቀቁም። በሌላው እጇ ስልኩን አነሣች። ዕጣን ሊለኩሱ የሄዱት እትዬ ቱ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ ሳይለኩሱት።

ሱዪን ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ነርሷ ብቻ ሳትሆን አጠገቧ የተንበረከኩት አባቷም፣ ከፊቷ መሠዊያው ላይ የተቀመጠው አምላክም እንዲሰማ።

«ጂያን ሱዪን እባላለሁ፣ ሴት ልጁ ነኝ። አባቴ ነገ ይገባል። አምላክ አይደለም ያለው፤ አልጠየቅነውም። ወንድሜም አይደለም፣ አባቴም አይደለም። እኔ ነኝ ያልኩት። በእኔ ስም ጻፊው።»